ሸጋው «ወዬ» ያለ ዕለት

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ለመጻፍ የምደፍር ሰው አልነበርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ ወዲያ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። አሁንም አንድ መስመር ጽፌ ሁለት እሰርዛለሁ። የንባብ ቤታችን አስተማሪ «የምታውቁትን ሰው ኑሮ ጻፉና አምጡ፣ ሰው ያነበዋል» ሲለን ሌሎቹ ስለ ትልልቅ ሰው ጻፉ። እኔ ትልቅ ሰው አላውቅም። የማውቀው በአጥር የምንዋሰነውን ሸጋውን ነው። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ «አንተ» እለዋለሁ፤ እዚህም እንደዚያው ብጽፍ ንቄው አይደለም። ስለ አንተ ልጽፍ ነው ብዬ ብነግረው «ጻፊው ስሜነሽ፣ ብቻ እንዳትጨምሪበት» አለኝ። አልጨመርኩም። የጎደለ ካለ ግን የኔው ጉድለት ነው።

እንግዲህ ሸጋው የዘመቻ ተማሪዎች ወደ አገራችን በመጡ ጊዜ፣ በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ማለቴ ነው፣ የጣቢያቸው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ጣቢያው ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ፣ ከገደሉ አፋፍ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደልዳላው ላይ ነበር። ዐሥራ አንድ ድንኳን ተተክሏል። ልጆቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፤ ገበሬ እናደራጅ፣ ፊደል እናስተምር ብለው ነው የመጡት። ዩኒቨርሲቲው ከአገሬው የቀጠራቸው ሠራተኞች ሦስት ናቸው፤ ዘበኛው ሸጋው፣ ወጥ ሠሪዋ ባንችይርጋ፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ደግሞ መሪጌታ ወርቅአገኘሁ።

ቦታውን ለማያውቅ ልንገር። እዚያ የሚያስፈራው ቀን ነው። ሌሊትማ ጅቡም ይጮኻል፣ ውሻውም ይጮኻል፣ ሰው ብቻውን አይደለም። ቀትር ላይ ግን ነፋሱ ቀጥ ይላል፣ ወፉ ዝም ይላል፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። ያኔ በነአኩቶ ለአብ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ጸበል ጠብ፣ ጠብ ሲል እስከ አፋፉ ድረስ ይሰማል ይባላል። ይባላል አልኩ እንጂ እኔም ሰምቼዋለሁ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አፋፍ፣ አንድ ድምፅ በስምህ ቢጠራህ አትመልስም። ልማዳችን ነው። አንዴ ሲጠራ ዝም ነው፤ ሁለቴ ሲጠራም ዝም ነው። ሦስተኛ ከደገመ ሰው ስለሆነ ይመለስለታል። ያኛው፣ ስሙን የማናነሣው፣ ሦስተኛውን መጥራት አይሆንለትም ይባላል። ጡት ከጣልን ጀምሮ የተማርነው ነው።

ሸጋው ፈንታው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገው ሸጋው ነው። ዘመቻው ከመምጣቱ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ፈንታው ጎረምሳ ሆኖ ሚስት ሊያገባ ሲል፣ ለጎጆው ክዳን ሣር ሊያጭድ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረደ። ሸጋው ከመንገዱ ዳር ካለው ጥድ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ቀትር ሆነ።

«አያዬ!» የሚል ከታች ሰማ። ፈንታው ታላቁን የሚጠራው እንደዚያ ነበር። ሸጋው «ወዬ» ሊል አፉን ከፈተና በመዳፉ ከደነው።

«አያዬ!» አለ ድጋሚ፤ አሁን ቀጠን ብሏል።

ሸጋው ሦስተኛውን ጠበቀ። ጸበሉ ጠብ፣ ጠብ አለ። ጠበቀ። ሦስተኛው አልመጣም። በማግስቱ ፈንታው ከገደሉ ሥር ተገኘ፤ ማጭዱ ከእጁ አልወጣም።

የለቀስተኛው ቃል አንድ ነበር። «እንኳን አልመለስክ! ብትመልስ አንተንም ይዞህ ይሄድ ነበር» አሉት። እኔም ብዬዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን «ወዬ» የምትለዋ ቃል ከሸጋው አፍ ስትወጣ የሰማ የለም። ሰው ሲጠራው ቀና ብሎ ያያል እንጂ አይመልስም። ዘበኝነቱን የወደደውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ዘበኛ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ እሱን ማንም አይጠራውም።

የካቲት ገደማ በሌላ ጣቢያ ያለ አንድ ተማሪ ልቡ ታውኮ፣ ጫማውን አውልቆ በእግሩ በረሃ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ዩኒቨርሲቲውም ሠራተኞቹ ሁሉ የልጆቹን የልብ ነገር መጠበቅ ይማሩ ብሎ አቶ ምስጋኑ የሚባል ሰው ላከ። መኪና ከሚደርስበት ከኮን ጀምሮ በበቅሎ ነው የመጣው፤ መቀመጥ ስላቃተው ሦስቱንም ቀን ቆሞ አስተማረ። ተማሪዎቹ ሦስቱ ሠራተኞች፣ ክፍሉ የዕቃ ቤቱ ድንኳን፣ ወንበሩ የስንዴ ጆንያ ነው።

«ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለች ባንችይርጋ ገና ሲጀምር። «ጎመን ቀቃይ ነኝ። የተማረ ልጅ ልቡን ቢያመው እኔ ምን አውቅለታለሁ?»

«ማን ምግቡን ሳይነካ እንደሚነሣ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?» አላት አቶ ምስጋኑ።

«እሱንስ እኔ ነኝ የማውቅ» አለች ደስ ብሏት። «ያ ረጅሙ ልጅ ሽሮዬን እየደበቀ ለውሻው ነው የሚሰጥ።»

«እሱስ ጤነኛ ነው» አሉ መሪጌታ ከጥግ።

ሸጋው ሲቀር ሁሉም ሳቁ። አቶ ምስጋኑ ቀስ እያለ፣ እያስመሰለ፣ እነሱንም እያናገረ አስረዳቸው። እህል የተወውን፣ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ የሚውለውን እንዲያስተውሉ ነገራቸው። «የሌለ ድምፅ እሰማለሁ ካላችሁ፣ የለም ብላችሁ አትከራከሩት። ጋኔን ነው ብላችሁም አታስፈራሩት። አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ እሱን ስሙት። ደግሞ ይቺን ያዙልኝ፤ ዕቃውን ለሰው ማደል የጀመረ እንደሆነ፣ ያን ቀን ከዓይናችሁ አትለዩት። ሲጠራችሁ ወዲያው አቤት በሉት። ሰው እንዳለው ይወቅ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ትንፍሽ ያላለው ሸጋው እዚህ ላይ እጁን አነሣ።

«ቀትር ላይ ቢጠራንስ?»

«ቀትርም ቢሆን።»

«በመጀመሪያው?»

ባንችይርጋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ተው ሸጋው» አሉ መሪጌታ በዝግታ። አቶ ምስጋኑ ነገሩ ስላልገባው ጠየቀ፤ መሪጌታም ልማዱን ነገሩት፣ የፈንታውንም አልደበቁትም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ አሰበ። ከዚያ ክፉ ሳያስብ፣ እንደ ተማረ ሰው፣ እንዲህ አለ፦

«ከገደል የወደቀ ሰው እኮ ሦስተኛ ለመጥራት ትንፋሽ ላይኖረው ይችላል።»

ሸጋው ተነሥቶ ወጣ።

«ወይኔ ጌታዬ!» አለች ባንችይርጋ። «ይቺን ሳይናገሯት ቢሄዱ ምን ነበረበት?»

አቶ ምስጋኑ ደንግጦ ተከተለው። ጥዱ ሥር ቆሞ አገኘውና ይቅርታ ጠየቀው። «አቶ ሸጋው፣ ማን ያውቃል፣ የገደል ማሚቶም ሊሆን ይችላል» አለው ሊያጽናናው።

«የገደል ማሚቶ የተባለውን ነው የሚደግም» አለ ሸጋው። «ያን ቀን እኔ ምንም አላልኩም።»

አቶ ምስጋኑ በነጋታው ሄደ። ሸጋው ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ። ዐሥራ ሁለት ዓመት «ያኛው ነው» እያለ ኖሯል። አሁን ግን ወንድሙ በሆነስ እያለ ትንፋሽ ይቆጥር ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ የለም።

ከተማሪዎቹ መካከል ዓለምእሸት የምትባል ነበረች። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀጭን፣ ከሳቂታዎቹ አንዷ። አቶ ምስጋኑ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣላት። ወንድሟን ከቤት ወስደውታል፤ የት እንዳስገቡት አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቋ ጠፋ።

ባንችይርጋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ሸጋው መጣች። «ስማ፣ ያቺ ልጅ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ፊቷንም ወደ ሸራው አዙራለች። ሰውየው ያለው ይኸው አይደል?»

ለጣቢያው ኃላፊ ነገሩት። «ሐዘን ነው፤ መኪና ኮን ሲመጣ ወደ ቤተሰቧ እንልካታለን» አላቸው። መቼ እንደሚመጣ ግን አልተናገረም።

ሸጋው የተማረውን አደረገ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ ከድንኳኗ ፊት አስቀመጠና ተቀመጠበት። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተባባሉም። እሱም መናገር አይችልበት፣ እሷም አልፈለገች። በሁለተኛው ቀን ሸራውን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ጋሽ ሸጋው፣ ለምንድን ነው የሚጠሩኝ?»

«እኔ?»

«ቀትር ላይ። ከታች፣ ከገደሉ። አቤት ብዬ ስወጣ ግን እዚህ ድንጋይዎ ላይ ተቀምጠዋል።»

ሸጋው ስሟን አንድም ቀን ጠርቶ አያውቅም። የለም እንዳይላት ተምሯል። ጋኔን ነው እንዳይላትም ተምሯል።

«ድምፁ የኔን ይመስላል?» አላት።

«የእርስዎ ነው። ብቻ እየሳቁ ነው የሚጠሩኝ።»

ሸጋው ከሳቀ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

«ስንት ጊዜ ይጠራሻል?»

«ሁለት ጊዜ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር እሰማለሁ። ወንድሜን የሚያውቁ ይመስለኛል፤ እሱ ወዳለበት የሚወስዱኝ።»

«ሲጠራሽ ወደ ላይ ነይ» አላት ሸጋው። «እኔ ምንጊዜም ላይ ነኝ። ታች አልወርድም።»

«እሺ» አለች። እሺታዋ ግን የሰማ ሰው እሺታ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ ወጣች። ፈገግ አለችለት። ሸጋው ደስ አለው፤ ትምህርቱ ሠራ መሰለው። የእጅ ሰዓቷን ፈታችና በእጁ ላይ አሰረችለት።

«ኧረ እኔ ሰዓት አላነብም» አላት።

«ቀላል ነው። በፈረንጅ ሰዓት ነው የሞላሁት፤ ሁለቱ ቀስቶች ተደራርበው ወደ ላይ ቀጥ ሲሉ ቀትር ሆነ ማለት ነው።»

ጣቢያውን ዞሮ ሊያይ ሄደ። የድንኳኑን ካስማ አጠበቀ፣ በቅሎዋን ውኃ አጠጣ፣ በየመካከሉ እጁን እያነሣ ሰዓቱን ያያል። እንደ ሕፃን ነበር የተደሰተው፤ እሱ ራሱ ነው ያለኝ። ተመልሶ ወደ ማድ ቤቱ ሲመጣ ባንችይርጋ ቀይ ሹራብ ለብሳ ለመሪጌታ ስታሳይ ደረሰ።

«እንዴት ነኝ መሪጌታ? ከተሜ አልመሰልኩም?»

«መስለሻል። እኔም ይኸው» አሉ መሪጌታ፣ ከደረት ኪሳቸው አዲስ እስክሪብቶ እያወጡ። «ያቺ ዓለምእሸት የምትባል ልጅ ናት የሰጠችኝ።»

«እንዴ! ሹራቡንም እኮ እሷ ናት» አለች ባንችይርጋ፤ ሳቋም አፏ ላይ ቀረ።

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ሸጋው እጁን አየ። የሰዓቱ ሁለት ቀስቶች ሊደራረቡ ትንሽ ቀርቷቸዋል።

ድንኳኗ ባዶ ነበር። ብርድ ልብሷ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የጣቢያው ውሻ ከአፋፉ ጫፍ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ፣ ማንም በሌለበት ጅራቱን ይቆላል።

ሸጋው ሮጠ። ጥዱ ዘንድ ሲደርስ ነፋሱ ቀጥ አለ። ጥላው ከእግሩ ሥር ገባ። ጠብ። ጠብ። ከአፋፉ በታች ቁጥቋጦ ስለሆነ ሰው ቢኖርም አይታይም። መውረጃው በግራም በቀኝም አለ፤ ወደየትኛው እንደሄደች አያውቅም። ስሟን ሊጠራ አሰበና ተወው። የታችኛውም በእሱ ድምፅ ነው የሚጠራት፤ እሱም ቢጠራት በምን ትለየዋለች?

ያን ጊዜ ከታች መጣ።

«አያዬ!»

የፈንታው ድምፅ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት አልጨመረበትም።

ባንችይርጋ ከኋላው እየሮጠች ሰምታዋለች፤ ይህን እሷም ትመሰክራለች። «እንዳትመልስ! ሸጋው! በማርያም እንዳትመልስ!» አለች።

መዳፉ ብቻውን ወደ አፉ ሄደ። እዚያው ቆመ። ሁለተኛውን ልጠብቅ አለ በልቡ። ሁለተኛው ባይመጣስ? ትንፋሽ ባይኖረውስ? መዳፉን ከአፉ አነሣ።

«ወዬ!» አለ። «ወዬ! ላይ ነኝ! እዚህ ነኝ፣ ላይ ነኝ!»

እየጮኸ ያለቅስ እንደነበረ ኋላ ነው ያወቀው። ገደሉ ድምፁን አልመለሰም። ጸበሉ እንኳ መንጠባጠቡን ያቆመ መሰለው። ከዚያ ከቀኙ ቁጥቋጦ ሥር፣ ቀጭን ድምፅ፦

«ጋሽ ሸጋው?»

ወረደ። ታች አልወርድም ያለው ሰው በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። ዓለምእሸት ከአንዲት የድንጋይ እርከን ላይ ቆማለች፤ ከእግሯ ፊት ሌላ እርምጃ የለም። እጇን ጨበጠና ወደ ራሱ ሳባት። ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ፣ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው።

«ከታች ሲጠሩኝ እየወረድኩ ነበር» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ከዚያ ከላይም ድምፅዎ መጣ። ሁለት ሆኑብኝ። የታችኛው ይስቃል፣ የላይኛው ያለቅሳል። የሚያለቅሰው እርስዎ ነዎት ብዬ ቆምኩ።»

«አያዬ ብለሽ የጠራሽኝ አንቺ ነሽ?»

«አያዬ?» አለች። «እኔ ማንንም አልጠራሁም።»

ባንችይርጋና መሪጌታ ገመድ ይዘው ደርሰው አወጧቸው። ባንችይርጋ ቀዩን ሹራብ ከራሷ ላይ አውልቃ ለልጅቷ አለበሰቻት። «እንኩ እንዳትይኝ ሁለተኛ! ለኔ አያምርብኝም!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች። ወስዳ አጥሚት እፍ እያለች አጠጣቻት፤ አጠገቧም ተኛች።

መሪጌታ ሸጋውን ለብቻው ያዙት።

«መለስክለት?»

«መለስኩ።»

«በመጀመሪያው?»

«በመጀመሪያው።»

መሪጌታ አማተቡ። «እንግዲህ ያኛው ያውቅሃል» አሉት።

ሸጋው በቀጥታ ወደ ጣቢያው ኃላፊ ሄደ። «ልጅቷ ወደ እናቷ ትሂድ። እስከ ኮን በበቅሎ እኔ አደርሳታለሁ» አለው።

«መኪና ይምጣና...»

«ነገ» አለ ሸጋው።

ኃላፊው ይህን ሰው በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም። ወረቀቱን ጻፈለት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ተራራውን ነክታ ገደሉን ገና ሳትነካ፣ ሸጋው በቅሎዋን ጫነ። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ በልጅቷ እጅ ላይ አሰረላት። ባንችይርጋ ስንቅ አቀበለቻቸው፤ መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። መንገዱ በጥዱ ሥር ያልፋል፣ ሌላ መንገድ የለም። ጥዱ ዘንድ ሲደርሱ ከታች ተጠሩ፤ አንድ ጊዜ። ማንን እንደጠራ፣ በማን ድምፅ እንደጠራ፣ ይኸው እስከ ዛሬ «እሱን አልነግርሽም» ይለኛል። ዓለምእሸት የበቅሎዋን ጋማ ጨበጠች። ሸጋው አልቆመም፣ ዞሮም አላየም።

«ወዬ፣ ፈንታው» አለ ቀስ ብሎ፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚናገር። «ይቺን ልጅ ላድርስና እመለሳለሁ።»

በቅሎዋን ቸብ አደረጋትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።